ከመንገዱ ማዶ

ታላቅ እህቴ መርል ሳንባዋን ታማ ሲድኒ ወዳለው የነቀርሳ ሆስፒታል ስትላክ ልጇ ዴልማ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። የልጅቷ አባት ክሊፍ ከብት ሲነዳ ፈረስ ጥሎት ከሞተ ብዙም አልቆየም ነበርና፣ መርል ልጇን ለእናታችን አስረክባ ባቡር ተሳፈረች። እኔ ኮራል፣ ታናሿ፣ ያኔ ከዊልካሪ ከተማ ራቅ ባለ የበግ እርባታ የነጮች ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቤተሰቤ ግን እንደ ሌሎቹ የእኛ የጥንት የአገሬው ሰዎች ሁሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ሚሽን በምንለው የቆርቆሮ ሰፈር ነበር የሚኖረው።

አንድ ቀን ጠዋት የሕፃናት ጉዳይ ሹሙ ከፖሊስ ጋር መጣ። ሌላ ጊዜ የመኪናው አቧራ ከሩቅ ሲታይ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ወንዙ ጫካ ይሮጡ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቀስ ብሎ ነዳ። ባርኔጣውን አውልቆ እናታችንን "ደህና አደሩ" አላት።

"የልጅቷ እናት በሽታ ተላላፊ ነው" አለ። "ሕፃኗ ራጅ መነሣት አለባት። ሳይመሽ እንመልሳታለን።"

እናታችን አመነችው። ለምን አታምነው? ሴት ልጇን ሐኪሞች ወስደውባታል፤ ይሄም ሰው የሚያወራው የሐኪም ነገር ነው። ዴልማን አጠበቻት፣ ጸጉሯን አበጠረችላት፣ ቢጫ ቀሚሷን አለበሰቻት። መንገድ ላይ እንዳይርባት በአመድ የተጋገረ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራ አስያዘቻት። ዴልማ ከዚያ በፊት መኪና ውስጥ ገብታ አታውቅም። እየሳቀች እጇን ስታወዛውዝ ነው የሄደችው።

እናታችን መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ጠበቀች። በማግስቱ በእግሯ ከተማ ገብታ ፖሊስ ጣቢያ ስትጠይቅ፣ ዳኛው "ተንከባካቢ የሌላት ልጅ" ብሎ እንደወሰነና ልጅቷም በባቡር እንደተወሰደች ነገሯት።

ይህን ለመርል የነገራት የለም። "እዚያ አልጋ ላይ ሆና ከሰማች ትሞትብኛለች" ብላ እናታችን ሁላችንንም አስማለችን።

መርል ድና የመጣችው በተከታዩ ዓመት ነው። እኔም እሷን ልቀበል ከእርባታው ፈቃድ ወስጄ መጥቼ ነበር። ከስታ፣ ግን ቀጥ ብላ እየሄደች ወደ ቤት ገባችና ዕቃዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "ልጄስ?" አለች።

እናታችን መሬት መሬቱን እያየች ነገረቻት። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቧል። ሴቶቹ አብረዋት ሊያለቅሱ ተዘጋጅተው ነበር። መርል ግን አላለቀሰችም። ከእንስራው ውኃ ቀድታ ጠጣች፣ አፏን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

"ኮራልዬ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

"ወዴት ልንሄድ?"

"ልጄን ላመጣ ነዋ።"

አጎቴ ክላውድ፣ የእናታችን ወንድም፣ በር ላይ ቆሞ ሲጋራውን እየጠቀለለ "አንቺ ሴት፣ ሲድኒ እኮ የወንዝ ዳር አይደለም" አላት። "የት ብለሽ ነው የምትፈልጊያት?"

"አንተ አንዲት ዓሳ ለመያዝ ቀኑን ሙሉ አይደለም እንዴ ቁጭ የምትለው?" አለችው። "እኔም እንደዚያው ቁጭ እላለሁ።"

በማግስቱ በባቡር ሄድን።

ሲድኒ ውስጥ መጀመሪያ የገባነው የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ነው። ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ቀና ብሎ ሳያየን "ልጅቷ አሁን የመንግሥት ልጅ ናት" አለ።

"መንግሥት መቼ አማጠ?" አለችው መርል።

"እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ቀንሼ ነው የማወራው ጌታዬ። መቼ አማጠ ነው ያልኩት።"

አስወጡን። በማግስቱ ተመልሰን ገባን፤ አሁንም አስወጡን። እንዲህ እየተመላለስን ቆይተን በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ፣ ሰልችተናትም ይሁን አሳዝነናት አላውቅም፣ ልጆቹ የሚላኩበትን የሴት ልጆች ማሳደጊያ ስም ሹክ አለችን።

ማሳደጊያው ትልቅ የጡብ ቤት ነው። የቤቱ ኃላፊ ነጭ ካባ የለበሰች ሴት ናት፤ በሩን በከፊል ከፍታ ነበር ያናገረችን። "ወደ ጥሩ ሰዎች ሄዳለች። የምትወጃት ከሆነ ተያት" አለችና ዘጋችው። እኔ እንሂድ ብዬ ክንዷን ስይዝ መርል በአጥሩ ጥግ ዞራ ወደ ጓሮው አመራች። እዚያ ልጃገረዶች የአልጋ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ ሁሉም የእኛው መልክ ያላቸው። አንዷ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሰረቅ አድርጋ አየችንና ወደ ሽቦው ተጠጋች።

"አክስቴ፣ ከየት ናችሁ?"

"ከዊልካሪ።"

"የእነማን ወገን?"

መርል ነገረቻት። ልጅቷ ፊቷ በራ። "እኔ የፔግ ልጅ ነኝ! ፔግን ታውቂያታለሽ?"

"ከወንዙ በላይ ያለችውን? አሳምሬ ነው የማውቃት።"

"እዚህ አለች ብለሽ ንገሪልኝ። ረስታኛለች ይሉኛል።"

"አልረሳችሽም። እነግርልሻለሁ።" መርል ጣቶቿን በሽቦው አሾልካ የልጅቷን ጣቶች ያዘች። "ትንሽ ልጅ መጥታ ነበር፤ ዴልማ ትባላለች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት።"

"ጥርስ ነቃዩ ወሰዳት።"

"የምን ጥርስ ነቃይ?"

"እየመጣ ጥርሳችንን የሚነቅለው ነዋ። ሲነቅል ያፏጫል። ሚስቱ ልጅ የላትም፤ እዚህ መጥታ ደርድረውን መረጠች። እኔን አላየችኝም፤ ትልቅ ነኛ።" ከቤቱ ውስጥ ተጠራች። ልጅቷ አንሶላውን እንደ ማስጣት እያለች ቶሎ ቶሎ ተናገረች፦ "ዊትኮም ነው ስሙ። በባሕሩ በኩል ነው የሚኖረው።"

የፔግን ልጅ መልእክት አደረስን። ፔግም እንደ መርል ተነስታ ሄደች፤ የእሷ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።

የዊትኮምን ቤት ማግኘት አላስቸገረም፤ በበሩ ላይ የናስ ሰሌዳ አለ። የፊት ለፊቱ ክፍል መታከሚያ ነው፤ ከኋላና ከፎቁ ላይ ይኖሩበታል። መርል ከመንገዱ ማዶ ቆማ ቤቱን አየችውና "የታመመ ጥርስ አለኝ" አለች። እውነቷን ነበር፤ ሆስፒታል ሳለች ጀምሮ አንድ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ያሰቃያት ነበር።

ገባን። ቀጭን፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። እኔን ጥግ ላይ አስቀምጦ እሷን ወንበሩ ላይ አስተኛትና እያፏጨ ትንሿን የጥርስ ማያ መስተዋት አፏ ውስጥ አስገባ።

"ይሄማ ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ ሆኖታል አይደል?"

መርል እጁን ከአፏ አወጣችው። "ዶክተር፣ የኔ ስም መርል ነው። ከዊልካሪ ነው የመጣሁት። እርስዎ ቤት ያለችው ልጅ የኔ ልጅ ናት።"

ማፏጨቱ ቆመ። መስተዋቷ ከእጁ ወድቃ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

"አይቻልም" አለ። "እናቷ ሞታለች። በሳንባ በሽታ ነው የሞተችው። እነሱ ናቸው የነገሩን።"

"እንግዲያውስ የሞተች ሴት ጥርስ ልትነቅል ነበር" አለችው መርል። ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" የወረደችው እዚያው ወንበር ላይ ሆና ነው።

በዚህ መሐል ከኋላ በኩል በሩ ተከፈተና አንዲት ሕፃን ገባች፤ ከእሷ ኋላ ቀይ ጸጉር ያላት ሴት። ዴልማ ናት። ቀይ ጫማ፣ ነጭ ካልሲ፣ ጸጉሯ በሪባን የታሰረ፤ ግን ዴልማ ናት። መርል ከወንበሩ ወርዳ ተንበረከከች።

"ዴልማ! ዴልማዬ!"

ልጅቷ ወደ ሴትየዋ ቀሚስ ተጠጋች። "እኔ ፊሊፓ ነኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በቅጡ አላስታውሰውም። መርል ልጅቷን አቅፋ አልለቅም አለች፤ ሴትየዋ ጮኸች፤ ልጅቷም በፍርሃት ጮኸች። የልጅቷን ጩኸት ስትሰማ ነው መርል የለቀቀቻት። ፖሊስ መጣ። ሰው ቤት ገብታ በጠበጠች ተብላ ለተወሰኑ ሳምንታት ታሰረች።

ሲፈቷት አንድ ዳኛ ፊት አቀረቧት። ሽማግሌ ነው፤ በደግ ድምፅ ነበር የሚናገረው። "ጉዲፈቻው በሕግ አልቋል። የዚያን ቤት ግቢ ብትረግጪ፣ ወይም ልጅቷን አንዲት ቃል ብታናግሪ ዓመት ትታሰሪያለሽ። ገባሽ?"

"ገብቶኛል ጌታዬ። አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ።"

"ቤታቸው ያለበት መንገድ የእነሱ ነው?"

"መንገድማ የሁሉም ነው።"

"አመሰግናለሁ" አለችና ወጣች።

እኔ ደጅ ላይ "በቃ፣ አሁን አገራችን እንግባ" አልኳት። እሷ ግን ወደዚያው ሰፈር ነው ይዛኝ የሄደችው። ከዊትኮም ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ጥጉ ላይ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ከኋላው ደግሞ የአንዲት ግሪካዊት የፍራፍሬ ሱቅ። ባለቤቷ ስታቭሩላ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ቁመተ አጭር፣ ድምፀ ነጎድጓድ። መርል ሥራ እንዳለ ስትጠይቃት ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ወንድና ሴት በማይለይ የባዕድ አነጋገሯ ጠየቀቻት።

"ከባድ ማንሳት ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"ለምን እዚህ ሱቅ? ሌላ ሱቅ ሞልቷል።"

መርል አልዋሸችም። በጣቷ የናሱን ሰሌዳ አሳየቻትና ሁሉንም ነገረቻት። ስታቭሩላ ሽንኩርት መምረጧን ሳታቋርጥ አዳመጠች።

"እኔ አገር ጦርነት ነበር" አለች በመጨረሻ። "ልጆች ሁሉ ወሰዱ፣ ተራራ አሻገሩ። እኔ ታናሽ እህት፣ እስከ ዛሬ የለም።" ሽርጥ አንስታ ወረወረችላት። "ነገ ጠዋት ና።"

እኔ ያኔ እህቴ አእምሮዋን የሳተች መስሎኝ ነበር። "ልታናግሪያት ካልቻልሽ እዚህ መቆምሽ ምን ይጠቅማል?" አልኳት።

"እነሱ ሞታለች ብለው ነው የሚነግሯት። እኔ እዚህ ቆሜ እታያለሁ። አንድ ቀን ትጠይቃለች።"

"ካልጠየቀችስ?"

"የኔ ልጅ ናት። ትጠይቃለች።"

አብሬያት ቆየሁ፤ ሆስፒታል ወለል እየጠረግኩ። ከዚያ ናፍቆቱ በረታብኝና ወደ ወንዜ ተመለስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። እሷ ቀረች። በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ዴልማ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ መርል ከሱቁ ውስጥ ሆና ብርቱካን ትደረድራለች። ልጅቷ ሳንቲሟን ይዛ ወደ ሱቁ ስትገባ ግን መርል ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ስታቭሩላ ትሸጥላታለች። ከጓዳው ሆና ድምፅዋን ትሰማለች። ለልጅቷ የሚሆነውን ኮክ ጠዋት ራሷ መርጣ ለብቻው ታስቀምጠው ነበር። "ዛሬ ፖም ሰጠሃት እንዴ?" ብላ በስታቭሩላ በራሷ አነጋገር ትቀልድባት ጀምራ ነበር። "ሞኝ!" ትላታለች ያቺም፤ "ኮክ ነው የሰጠው!"

ወይዘሮ ዊትኮም ነገሩን ያወቀችው ዘግይታ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ስትገባ መርልን አየቻት፣ አወቀቻት፣ ፊቷ አመድ መሰለ። መርል ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር።

"ይህችን ሴት ማባረር አለብሽ" አለቻት ስታቭሩላን።

"ለምን? ሰረቀ?"

"አልሰረቀችም፤ ግን..."

"ሰው መታ?"

"አይደለም፣ አንቺ አይገባሽም..."

"እንግዲያ ድንች ግዛ፣ ወይ ውጣ።"

ያን ጊዜ መርል እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ፊት መጣች። "ወይዘሮ ዊትኮም፣ ዳኛው አንቺን እንዳላናግር አልከለከለኝም።"

"ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ግራ ጆሮዋን ብርድ ሲመታት ያማታል። ከተወለደች ጀምሮ ነው። ኮፍያ አድርጊላት።"

መርል፣ ወይዘሮ ዊትኮም የምትጮህ መስሏት ነበር። ሴትየዋ ግን ቦርሳዋን ጨብጣ ቆመች። "አምና ክረምቱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር" አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። "ሐኪሞቹ ምንም የለባትም አሉ።" ከዚያ ዞራ ወጣች። ፖሊስ አልጠራችም። በማግስቱ ልጅቷ የሱፍ ኮፍያ አድርጋ አውቶቡሱን ስትጠብቅ መርል ከድንች ጆንያዎቹ ኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጇ ከተወሰደች ወዲህ ስታለቅስ መጀመሪያዋ ነበር።

ዴልማ አደገች። ትምህርት ቤት "ጥቁሯ" ይሏት ጀመር። ቤት ስትጠይቅ ወላጆችሽ ከማልታ ደሴት የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ሞተዋል ይሏታል። መስተዋት ውስጥ ስታይ ግን ማልታን አታይም። የፍራፍሬ ሱቋ ጥቁር ሴትዮ ደግሞ እሷ በገባች ቁጥር ለምን እንደምትሸሽ አልገባትም።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ ሳለች፣ እኔ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ፣ ሕፃኑን ይዤ መርልን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በሱቁ ጓዳ የብርቱካን ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሳጠባ፣ የበሩ ደወል ተንጫጫና መርል እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ገባች። ከኋላዋ ግን ፈጣን እርምጃ ተከተላት። ስታቭሩላ "ኧረ! እዚያ አይገባም!" ስትል ሰማሁ። መጋረጃው ተገለጠ። ዴልማ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆመች። ዓይኗ አብጧል፤ የሸሚዟ ኮሌታ ላይ የሆነ ሰው ቀለም ደፍቶበታል።

"ለምንድን ነው የምትሸሺኝ?" አለቻት መርልን። "ከልጅነቴ ጀምሮ ስገባ ትወጫለሽ። አንቺም ትጸየፊኛለሽ? ምን አድርጌሽ ነው?"

መርል ወደ እኔ አየች። እኔ በልቤ አትናገሪ፣ የዓመት እስር ነው እላለሁ። እሷ ግን ወደ ልጇ ዞረችና፦

"ዳኛ እንዳላናግርሽ ከልክሎኝ ነው" አለች።

"ምን? የምን ዳኛ?"

"አሁን አናገርኩሽ፤ ሕጉን ጥሼዋለሁ። የቀረውንም ከጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ። ካልጠየቅሽኝ ዝም እላለሁ። አንቺ ነሽ የምትወስኚው።"

ዴልማ እሷን አየች፤ እኔን አየች፤ ጡቴ ላይ ያለውን ልጅ አየች፤ ተመልሳ እሷን አየች።

"የማልታ ሰው አይደለሁም፣ አይደል?"

"አይደለሽም።"

"ታዲያ ማን ነኝ?"

"ዴልማ ነሽ። የኔና የክሊፍ ልጅ። ይህቺ አክስትሽ ኮራል ናት። ይሄ ሕፃን በእኛ ደንብ ወንድምሽ ነው።"

መጀመሪያ ሳቀች፤ የማያምር ሳቅ። ከዚያ "ውሸታም! እናቴ ሞታለች!" ብላ ሮጣ ስትወጣ በሱቁ በር ላይ ያለውን የብርቱካን ሳጥን ገለበጠችው። ብርቱካኑ እስከ መንገዱ ድረስ ተንከባለለ።

መርል ተንበርክካ ብርቱካኑን መልቀም ጀመረች። ፊቷ ያበራ ነበር።

"ጠየቀች" አለችኝ። "አየሽ? ጠየቀች።"

ፖሊስ ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም። ዴልማም አልመጣችም፤ አውቶቡስ የምትሳፈረው ከሌላ ቦታ ሆነ። ኋላ እንደሰማነው የዚያኑ ዕለት ወይዘሮ ዊትኮምን አፋጥጣ ይዛት፣ ሴትየዋም እያለቀሰች አምናላታለች። ዶክተሩ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ስለዚህ ነገር ከአፉ ቃል አልወጣም።

ዴልማ ወራት ቆይታ አንድ ቀን ተመልሳ መጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ለምን ሰጠሽኝ?" ነው ያለችው።

"አልሰጠሁሽም። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው የወሰዱሽ።"

"እሺ። ከዚያ በኋላስ? ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ቆመሽ ዝም አልሽ! አንድ ቀን እንኳ መንገዱን ተሻግረሽ ብትጠሪኝ ምን ነበረበት!"

"ብጠራሽ እኔን ያስሩኝ፣ አንቺን ወደማላውቀው አገር ያሸሹሽ ነበር። ላጣሽ ስለማልፈልግ ዝም ማለትን መረጥኩ።"

"እኔ አልመረጥኩም!"

"አውቃለሁ። ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው። ነገም መጥተሽ ተቆጪኝ። የትም አልሄድም።"

እውነትም በማግስቱ መጥታ ተቆጣቻት። በሳምንቱም እንዲሁ። ስታቭሩላ "ይሄ ልጅ ይጮሃል፣ ደንበኛ ያባርራል" እያለች ታጉረመርምና ሁለቱንም ጓዳ አስገብታ ሾርባ ትሰጣቸዋለች። ቀስ በቀስ ከቁጣው መሐል ጥያቄዎች ይወጡ ጀመር። አባቴ ምን ይመስል ነበር? ቅንድቤን ምን መታኝ? አያት አለኝ?

አሥራ ስምንት ሲሞላት ቦርሳዋን ይዛ መጣችና "ውሰጂኝ" አለቻት።

ጣቢያ ድረስ ሄደን ተቀበልናቸው። እናታችን ያኔ ዓይኗ ደክሟል። የዴልማን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ዳሰሰችው፤ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ የቅንድቧን ጠባሳ።

"ያ ሰውዬ ሳይመሽ እመልሳታለሁ ብሎኝ ነበር" አለች።

ዴልማ እዚያው ቆማ ፊቷን ለአያቷ ተወችላት። አጎቴ ክላውድ ጫማዋን አየና "በዚህ ተረከዝ ዓሳ ልታጠምጂ ከሆነ፣ ዓሳዎቹ በሳቅ ይሞቱልሻል" አላት። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ ማልቀስም የጀመርነው ያኔ ነው።

ነገሩ ወዲያው ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ዝንቡ አስመረራት፤ የካንጋሮ ጭራ አልበላም አለች፤ ሁሉም ሰው ዘመድሽ ነኝ እያለ ሲያቅፋት ትደነግጥ ነበር። ሳምንት ሳይሞላት ወደ ሲድኒ ተመለሰች። ከዚያ ደግሞ መጣች። ነርስነት ተምራ ስትጨርስ በዊልካሪ ሆስፒታል ምደባ ጠይቃ መጣች፤ መርልም ሽርጧን ለስታቭሩላ አስረክባ አብራት ገባች። ወይዘሮ ዊትኮምን ዴልማ በየገናው እየሄደች ትጠይቃታለች። ሴትየዋን ይቅር አልሻት ወይ ብለው መርልን የሚጠይቋት አሉ። "ኮፍያውን አድርጋላታለች" ትላለች። ከዚያ ያለፈ አትናገርም።

መርል አርፋ አትቀመጥም። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው እናቶች ከወንዙ ላይና ታች እየመጡ "አንቺ እንዴት አገኘሻት?" ይሏታል። ከእሷ ጋር በባቡር እየሄዱ፣ ቢሮ እየገቡ፣ አሁንም "ድምፅሽን ቀንሺ" ይባላሉ። ባቡሩ መመላለሱን ሲያቆም ደግሞ መርል መኪና መንዳት ልማር አለች። ሃምሳ ዓመቷን አልፋለች።

"እማ፣ አታብጂ" አለች ዴልማ።

"አስተምሪኝ፣ ወይ ሌላ ሰው ያስተምረኛል።"

ፈተናውን ወደቀች። ደግማ ወደቀች። ፈታኙ ፖሊስ "ወይዘሮ፣ ቢተዉትስ?" ቢላት "አንተ ሥራህን ሥራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ" አለችው። አለፈችም፤ አሳዝናው ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ፈርቷት ይመስለኛል።

ትናንት ጠዋት በዴልማ አሮጌ መኪና ወደ ሲድኒ ተነሳን። መርል መሪውን ይዛለች፣ ዴልማ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ከእኔ ጎን ዩኒስ የምትባል ከታችኛው ወንዝ የመጣች ሴት ተቀምጣለች፤ ወንድ ልጇን ከተነጠቀች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ቢሮ ገብታ አታውቅም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

"እማ፣ ፍሬን! ፍሬን!"

"አይቼዋለሁ።"

"ካየሽው ለምን አትይዢውም?"

"ጮኸሽ አደናገርሽኝ እኮ! ነርስ ነሽ ወይስ ሹፌር?"

"ወደ ግራ ያዢ! ሌላ ጊዜ እኔ ነኝ የምነዳው!"

"ሌላ ጊዜ እናያለን።"

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ሜዳው ላይ ወጣን። ዩኒስ ወደ እኔ ጠጋ አለችና "ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?" አለችኝ።

"ሁልጊዜ" አልኳት።

መርል በመስተዋቱ አየቻት። "ዩኒስ፣ የልጅሽን ስም አንድ ጊዜ ንገሪኝ፤ እዚያ ስንደርስ እንዳልሳሳት።"

ዩኒስ ነገረቻት። መርል እየነዳች ስሙን ደጋግማ ለራሷ አለችው።